ፀዳ የሄደው ጽዋ

ድብ ባሕር፣ ኅዳር 19 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዳግማዊት አዘዘ፤ ጎንደር።

ጤናሽን እግዚአብሔር ይጠብቅልኝ። እኛ ደህና ነን፤ እናታችንም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት። በስልክ ምነው አትደውይም ብለሽ ለባምላክ ነግረሽው ነበር። ስንደዋወል ሦስት ቃል ሳንነጋገር ወይ አንቺ ትዘጊዋለሽ ወይ እኔ እዘጋዋለሁ። ወረቀት ግን አይዘጋም። ይህንን ባምላክ በሚኒባሱ ያደርስልሻል፤ መልሱንም በእሱ ላኪው።

"ዜናው ላይ እንዴት ነበርኩ?" ላልሽው፣ ሸጋ ነበርሽ። ጸጉርሽን ወደ ኋላ መያዝሽ ያምርብሻል። ድምፅሽማ ይባስ፤ ከእኛ ቤት እንዲህ ያለ ድምፅ ወጣ ቢባል ማን ያምናል? ማሩ ሆቴል ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ጠላውን አስቀምጦ ነው የሰማሽ። እኔ ስለ ምንጩ ለመናገር ቤት ለቤት ስዞር እንዲህ ጸጥ ብሎ የሰማኝ የለም። አንዱ በሬውን ይፈታል፣ አንዷ ልጇን ትጣራለች፣ ሌላው "ነገ ተመለሽ" ይለኛል። አንቺን ግን ምራቁን ሳይውጥ ሰማሽ።

ምን እንዳልሽም ሰማሁ። "የድብ ባሕር ነዋሪዎች የቆቅ ምንጭን ለጠለል ውኃ ኩባንያ በጽዋ ሥነ ሥርዓት አስረከቡ" አልሽ። ከድምፅሽ ጋር የሚታየው ደግሞ የእኔ መልክ ነበር፤ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ፣ ጽዋውን ለኩባንያው ባለቤት ለኢንጂነር የሺዋስ ስሰጥ። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ በቴሌቪዥን ታየሁ፤ እሱም አገሬን ስሸጥ።

አንቺ እኮ የማኅበር ቤት ልጅ ነሽ። ለባዕድ የምጽፍ ይመስል ይህን መተረኬ ራሱ ያናድደኛል። በኅዳር ሚካኤል ደጋሿ እኔ ነበርሁ፤ የታኅሣሡ ተረኛ ልዑልቃል ነው። ጽዋውን ለእሱ ላስረክብ ስነሳ፣ ሰውየው ካሜራውን አስከትሎ ስጦታ መስሎት ሁለት እጁን ዘረጋ። እንግዳ እጁን ዘርግቶ "ያንተ አይደለም" የሚል በእኛ አገር ማን አለ? ልዑልቃል በይሉኝታ ወደ ኋላ አለ። የማኅበሩ አለቃ፣ ሙሴያችን አያ ሐብተ ማርያም እንኳ በዓይናቸው "ስጭው" አሉኝ። እልል ተባለ። ጽዋው በመኪና ተጭኖ ፀዳ፣ ከኩባንያው ግቢ ሄደ። እኛም "ለመሆኑ ምን ሊያደርግበት ነው?" እያልን ስንስቅ ቆየን። ሳምንት ሳይሞላ አንቺ አሳቅሽን።

አሁን ሰው "ሸዋገነት በላችበት" ይላል። ጥር መጨረሻ ላይ የቀበሌው ሕዝብ ተሰብስቦ በምንጩ ላይ እጅ እንደሚያወጣ ታውቂያለሽ። እጅ ሳይወጣ ማንም ሊወስደው አይችልም ነበር። ሰዉ ግን "በቴሌቪዥን ተነግሯል እኮ፣ አልቋል" ብሎ ተቀምጧል። ያ ምንጭ ከሄደ የበጋ ሽንኩርታችንም፣ የምንጠጣውም አብሮ ይሄዳል። የቴሌቪዥኑና የውኃው ባለቤት አንድ ሰው መሆኑን ለእናታችን ላስረዳት ሞከርሁ። "ልጄ ትዋሻለች ነው የምትይኝ?" አለችኝ። እኔስ የማን ልጅ ነኝ?

እህትሽ ሸዋገነት



ጎንደር፣ ኅዳር 24 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ ሸዋ፣

እንደምን አለሽ? እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደብዳቤሽን ባምላክ መናኸሪያ ሰጠኝ። እዚያው ቆሜ ስላነበብኩት ሰው ሁሉ አየኝ።

ይቅርታ። ይህን መጀመሪያ ልጻፈው፣ ኋላ ሊከብደኝ ይችላል። "ጽዋ ምን እንደሆነ እያወቅሽ ምነው ዝም አልሽ?" ነው ጥያቄሽ። የቀረበልኝን አነበብኩ። ዜናውን የሚጽፈው ሌላ ነው፣ የሚያርመው ሌላ ነው፤ እኔ አፍ ነኝ። "አስረከቡ" የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ስህተት መሆኑን አውቄዋለሁ፤ ግን አነበብኩት። አንድ ጊዜ አፍ ካመለጠ በኋላ ምን ይደረጋል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም።

ቢሆንም አንቺም አንድ ነገር አስቢልኝ። ከድብ ባሕር ወጥታ እዚህ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ከእኔ በፊት የለችም። ጽሑፉን አላነብም ብዬ ብነሳ ወንበሩ ሳይቀዘቅዝ ሌላዋ ትቀመጥበታለች፤ ዜናው ግን አይቀርም። ይህን እያወቅሽ "አገሬን ስሸጥ" ብለሽ ትጽፊልኛለሽ። ስለ ጸጉሬ፣ ስለ ድምፄ የጻፍሽውንም ደጋግሜ አነበብኩት። ሙገሳ ነው እንዳልል ይቆረቁራል። እውነቱን ንገሪኝ፣ እትዬ። ቀንተሽ ነው?

በዚያ ቀን የተቀረጸው ሁሉ አልተላለፈም። ሌላም ምስል አለ፣ አይቼዋለሁ። ስለ እሱ አሁን አልጽፍም።

ለእናቴ ጉልበት ቅባት ልኬያለሁ። ማታ ማታ ትቀባው።

ዳግም



ድብ ባሕር፣ ኅዳር 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዳግማዊት፤

ቅባቱ ደርሷል። እናታችን ጠርሙሱን ለጎረቤት ሁሉ አዙራ አሳየች። "ዳግሜ የላከችልኝ" እያለች ሳትከፍተው ሁለት ቀን ቆየ። ኋላ የቀባኋት እኔ ነኝ። ስቀባት የመረቀችው አንቺን ነው።

ቀንተሽ ነው ወይ አልሽ። አዎ፣ ቀንቻለሁ። ምነው እንዲህ አፈጠጠች እንዳትይ፣ የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ። ጸጉርሽ ያስቀናኛል። ደመወዝ ተቀበልሁ ስትይ ያስቀናኛል። ከሁሉ የሚያቃጥለኝ ግን ያ ዝምታ ነው፤ አንቺ አፍሽን ስትከፍቺ ማሩ ሆቴል ውስጥ የሚወርደው ዝምታ። እናታችን በየምሽቱ የታጠበ ነጠላዋን ለብሳ፣ በዚያ ጉልበቷ ዳገቱን ወጥታ፣ ከፊት ወንበር ትቀመጣለች። ዜናው ሲያልቅ "ደህና እደሪ ልጄ" ትልሻለች፣ የምትሰሚያት ይመስል። እኔ እዚሁ ከአጠገቧ ነኝ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል አሉ፣ እውነት ነው።

ተቀምጬ ሳስበው ደግሞ ይብሳል። እኔ የተናገርሁት እውነት ነው፣ ግን ማንም አላመነኝም። አንቺ ያነበብሽው ውሸት ነው፣ ግን ሁሉም አመነሽ። አንቺ እውነት ብትናገሪማ አገሩ ሁሉ ተከትሎሽ በወጣ! እኔ ያንን ድምፅ ይዤ ቢሆን ኖሮ እያልሁ አድራለሁ።

"ሰዉስ?" ብትይኝ፣ እሑድ ስብሰባ ጠርቼ ነበር። ባለፈው ወር ግቢው አይበቃንም ነበር፤ ሴቶቹ እንኳ "እኛም እጅ እናወጣለን" ብለው ልጆቻቸውን አዝለው መጥተው ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ እንዲያ ያለ ስብሰባ አይቼ አላውቅም ነበር። የአሁኑ ላይ የመጡት ልዑልቃልና አያ ሐብተ ማርያም ብቻ ናቸው። አያ ሐብተ ማርያምም ቢሆኑ ለምንጩ አልመጡም፤ "የሚካኤል ጽዋ ከሰው አገር ሆኖ ታኅሣሥ 12 ሊደርስ ነው፣ ምን እናደርጋለን?" ሊሉኝ ነው። እኔ ስለ አገር ውኃ አወራለሁ፣ እሳቸው ስለ አንድ ጽዋ ይጨነቃሉ። ልስቅ ወይስ ላልቅስ?

ያልተላለፈው ምስል ምንድነው? ነገር ጀምሮ መተው ከማን ተማርሽ?

ሸዋገነት



ጎንደር፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ፣

ይህን አንብበሽ እሳት ውስጥ ጨምሪው።

ትክክለኛውን ነገር የጠየቁት አያ ሐብተ ማርያም ብቻ ናቸው። እስኪ አስቢው፣ ጽዋ የወሰደ ሰው ምን ያደርጋል? ይደግሳል። የታኅሣሥ ሚካኤል ደጋሽ ኢንጂነር የሺዋስ ነው። ጽዋው ፀዳ፣ እንግዳ መቀበያው ክፍል ውስጥ ከዋንጫዎች መሀል ተደርድሮ በዓይኔ አይቼዋለሁ።

ታኅሣሥ 12 ማኅበርተኛው ሁሉ ነጠላውን ለብሶ፣ ካህኑን ይዞ፣ "ድግሳችንን ልንበላ መጣን" ብሎ በሩ ላይ ቢቀመጥ ምን ይባላል? ሰልፍ አይደለም። ጸብ አይደለም። መቼም የሚደግሰው የለውም፣ ምን እንደሆነም አያውቅም። ያን ጊዜ "ካልደገስህ ጽዋውን መልስ" በሉት፤ እጁን ዘርግቶ እንደወሰደ እጁን ዘርግቶ ይመልስ። ስልክ ያለው ሁሉ ይቅረጸው። ጽዋ መቀበል ምንጭ መረከብ ነው ያሉት እነሱ ናቸው። እንግዲያ መመለሱ ምን እንደሆነ እነሱ ራሳቸው ይንገሩን።

ይህን ያልኩሽ እኔ መሆኔን ለማንም አትናገሪ። ለእናቴም ቢሆን።

ዳግም



ድብ ባሕር፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለዳግማዊት፤

ስምሽን አላነሳሁም። ምስሉንም በስልክ አይተሽዋል ብዬ አምናለሁ፤ እዚህ ያላየው የለም። ያላየሽው ካለ ልንገርሽ። ሰውየው ስንመጣ ደነገጠና ማስተናገድ አለብኝ ብሎ በፕላስቲክ የታሸገ ውኃ በካርቶን በካርቶን አስወጣልን። አያ ሐብተ ማርያም አንዱን ጠርሙስ ተቀብለው ወደ ብርሃን አነሱና አዩት። "ልጄ፣ ይኸ እንኳ ከቤታችን አለ፤ እኛ የመጣነው ለድግሱ ነው፤ ጾም ስለሆነ ሽሮ ይበቃናል" አሉት። ሰዉ እንዴት እንደሳቀ! ሰውየውም አብሮ ሊስቅ ሞከረ። ኋላ ነገሩ ሲገባው ጽዋውን ራሱ ይዞ ወጣ፤ እኔ ተቀበልሁት። እልልታው የአዘዞን ሰው ሳያስደነግጥ አልቀረም።

ስንመለስ አይሱዙው ላይ የተሳፈረው ሁሉ ይዘፍን ነበር። ከ"በላችበት" ሴትዮነት ወጣሁ። "የሸዋገነት ብልሃት" ይሉታል። ትናንት ስብሰባ ጠራሁ፣ ግቢው ሞላ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ስናገር በሬውን የሚፈታ የለም።

ደስ አለሽ ወይ ብትይኝ፣ አዎም፣ አይደለምም። ሰው ባመሰገነኝ ቁጥር የሰው ቀሚስ ለብሼ ሠርግ የሄድሁ ይመስለኛል። የሚያምርብኝ ልክ ነው፣ ግን የኔ አይደለም። እኔ ዓመት ሙሉ ዳገት ወጣሁ፣ ቁልቁለት ወረድሁ። አንቺ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ በግማሽ ገጽ ጨረስሽው። ምነው እኔ አላሰብሁትም? ጽዋውን የሰጠሁ እኔ፣ አያ ሐብተ ማርያም ደጃፌ ላይ ቆመው የጨቀጨቁኝም እኔን፤ ግን አልታየኝም። መልክም ለአንቺ፣ ድምፅም ለአንቺ፣ አሁን ደግሞ ብልሃትም ለአንቺ? አምላክ ሲያድል እኔ የት ሄጄ ነበር?

ይልቅ እናታችን አላስቀምጥ ብላኛለች። የዚያን ዕለት መብራት ስለጠፋ ዜናውን ማንም አላየም። ከማግሥቱ ጀምሮ ግን የምታነበው ሌላ ልጅ ናት። "ታማ ይሆን?" ትላለች። ታመሽ ነው ወይ? ስልክሽስ ምነው ዝግ ሆነ?

ሸዋገነት



ጎንደር፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2015 ዓ.ም.

እትዬ፣

አልታመምኩም። ለእናቴ ንገሪያት፣ ጤነኛ ነኝ። ስልኩን የዘጋሁት የሚደውልልኝ ሰው ስለበዛ ነው፤ ግማሹ ሊሰድበኝ፣ ግማሹ ሊያጽናናኝ። ሁለቱንም አልፈለግኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሚካኤል ምሽት የተሰጠኝ ጽሑፍ "ከድብ ባሕር የመጡ ሁከት ፈጣሪዎች የኩባንያውን ግቢ ወረሩ" ይላል። አየሁት። ቀና ብዬ "ከድብ ባሕር የመጡ ማኅበርተኞች ጽዋቸውን ተረክበው ተመለሱ" አልኩ። ከዚያ የሚቀጥለውን ስለ ስፖርት አነበብኩ። ስወጣ ቦርሳዬን በር ላይ ሰጡኝ። ሌላ የሚወራ የለም።

እንደ ጻድቅ እንዳታደርጊኝ ግን። በሚካኤል ስም እለምንሻለሁ፣ ለሰውም እንዲያ ብለሽ አታውሪ። እንዴት እንደሆነ ልንገርሽ። ያልተላለፈው ምስል ያልኩሽን ታስታውሻለሽ? በኅዳር ሚካኤል ጽዋው ከመሰጠቱ በፊት ተነስተሽ ስለ ምንጩ የተናገርሽው ነው። እሱን ቆርጠው ጣሉት። እኔ ግን ከመቆረጡ በፊት ብቻዬን ተቀምጬ አየሁት። ቃል ትደጋግሚያለሽ፣ መሀል ላይ ሳል ይይዝሻል፣ እጅሽን የት እንደምታደርጊው አታውቂም። ሰዎቹ ግን አንቺን የሚያዩሽ ዓይን! እኔን እንዲያ የሚያየኝ የለም። እኔን የሚያየኝ መስታወት ነው፤ ካሜራው ጥቁር መስታወት ነው፣ ከኋላው ማን እንዳለ አላውቅም። ቀናሁ፣ እትዬ። እንዲያ ቀንቼ ስለነበረ ነው ቀጥሎ የመጣውን ዜና ስለ አንቺ ሳነብ ድምፄ ያልተንቀጠቀጠው። ውስጤ ትንሽ ደስ ብሎት ነበር። ይኸው፣ አወቅሽው።

በታኅሣሡ ቀን ደግሞ በአንድ ሰው ስልክ አየሁሽ። በሩ ላይ ቆመሽ ጽዋውን ስትቀበይ አገሩ ሁሉ ከኋላሽ ቆሟል። ብልሃቱ የኔ ነው፣ እዚያ የቆምሽው አንቺ ነሽ፣ እኔ የማነበው የጠላትሽን ወረቀት ነው። ያ ነው ቃሉን ያስቀየረኝ። ወንድነትም ጽድቅም አይደለም።

የቤት ኪራዩን ለቅቄያለሁ። ለገና እመጣለሁ። በሩን እንዳትዘጊብኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፣ ግን የእናቴ ቤት ነው፤ ብትዘጊም እሷ ትከፍትልኛለች።

ዳግም



ድብ ባሕር፣ የካቲት 4 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለእህቴ ለዳግማዊት አዘዘ፤ ደባርቅ።

ባምላክ ደብዳቤሽን አደረሰልኝ። አንድ ወር ሙሉ አንድ ጣሪያ ሥር ከርመን ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት ሳትጠይቂኝ፣ ደባርቅ ከገባሽ በኋላ በወረቀት መጠየቅሽ አስቆኛል። እኔም ፊት ለፊት ብትጠይቂኝ አልመልስልሽም ነበር፤ ስለዚህ ደግ አደረግሽ።

ዛሬ ዞን መስተዳድር ቀጠሮ እንደተሰጠሽ ሰምቻለሁ። የሺዋስም ካሜራውን ይዞ እንደሚመጣ ልዑልቃል ነግሮኛል። ጠዋት ከመግባትሽ በፊት ይድረስሽ ብዬ ባምላክን በሌሊት እንዲነሳ ለምኜዋለሁ።

የጥር ወሩን ስብሰባ አንቺም ነበርሽበት፣ ግን ውጭ ሳለሽ የሆነውን አታውቂም። ምንጩ አይሰጥም ብሎ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ እጁን ሲያወጣ አብረን አለቀስን። ከዚያ ይህን ውሳኔ ዞን ድረስ ይዞ የሚከራከር አንድ ሰው ይመረጥ ተባለ። ልዑልቃል እኔን ጠቆመ። ሌላ ሰው ይጠቆማል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ንግግሬን እንኳ በሆዴ አዘጋጅቼ ነበር። አያ ሐብተ ማርያም ተነሱና "ያችን የቴሌቪዥኗን ልጅ" አሉ። ሰዉ አጉረመረመ። "ምንጩን ሰጡ ብላ ያወራችብንን ነው?" ያለም ነበር።

ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል የምሄደው እኔ ነበርሁ። አንቺ አንገትሽን ደፍተሽ ስታዳምጪ አየሁሽ። ተነሳሁና የፀዳው ብልሃት የአንቺ መሆኑን ተናገርሁ። ስትጽፊልኝ ምን ልታጪ እንደምትችይ፣ ቀጥሎም ምን እንዳጣሽ፣ ሁሉንም ተናገርሁ። ለማንም አትናገሪ ያልሽኝን አፈረስሁ፤ ቅር ካለሽ ይቅር በይኝ። ከዚያ አንቺ ተነስተሽ ስትናገሪ ያ የማሩ ሆቴል ዝምታ ወረደ። ካሜራም አልነበረ፣ መብራትም አልነበረ፤ ቢሆንም ወረደ።

ቀጥሎ ተጠቋሚዎቹ ተራ በተራ እየወጡ እጅ ይቆጠር ተባለ። እኔ ውጭ ስቆም አንቺ ለእኔ እጅሽን እንዳወጣሽ ልዑልቃል ኋላ ነገረኝ። ከሁሉ ቀድመሽ፣ አለኝ። አንቺ ደግሞ በተራሽ ወጣሽ፤ እኔ ከውስጥ ነበርሁ። ጥያቄሽ እሱ ነው። "ለእኔ እጅሽን አውጥተሽ ነበር ወይ?"

አላወጣሁም።

እውነቱን ለሰው መናገር ቻልሁ፤ እጄን ማንሳት ግን አልቻልሁም። አፌ ታዘዘኝ፣ እጄ እምቢ አለ። ነጠላዬ ውስጥ ጨብጬ ያዝሁት። እናታችን ከአጠገቤ ተቀምጣ አየችኝ፤ የእሷን ግን አነሳች። ዙሪያዬን ሳይ በየቤቱ ስዞር "ነገ ተመለሽ" ያሉኝ ሁሉ እጃቸውን አንስተዋል። እኔ ብቻ ተሰብስቤ ቀረሁ። አንቺም ያለ እኔ እጅ አለፍሽ።

ያን ቀን ሳላናግርሽ የዋልሁት ለዚህ ነው። አድሬ ሳስበው ግን አንድ ነገር ቀለለኝ። እስከ ዛሬ ይህ ነገር እኔ ከደከምሁ፣ እኔ ከታመምሁ፣ እኔ ከከፋኝ የሚፈርስ ይመስለኝ ነበር። እኔ ቀንቼ እጄን ሰበሰብሁ፤ ሳይፈርስ ቀረ። የአንድ ሰው ልብ የማይጥለው ነገር እዚህ አገር በእጃችን ተተከለ ማለት ነው። ይህ ደስ ብሎኛል። ቅናቴ ግን አልወጣልኝም፤ አልዋሽሽም።

ስለዚህ ግቢና ተናገሪ። ሲያቋርጡሽ አትቁሚ። የእኔ እጅ ስለሌለሽ እንዳይከፋሽ፣ የቀረው ሁሉ ከአንቺ ጋር ነው። ደግሞ ዛሬ አፍረሽ ወይ ፈርተሽ ብትመለሺ፣ በሚቀጥለው ስብሰባ አንቺን ለማውረድ ከሁሉ ቀድሞ የሚነሳው የእኔ እጅ ነው። ያን ጊዜ እምቢ አይለኝም።

ታላቅ እህትሽ ሸዋገነት